ገልባጩ ሚልክያስ የጻፈው

ጂንካ ውስጥ «ገልባጩ» ሲባል አሸዋ የሚያመላልሰው መኪና ብቻ የሚታየው ሰው ካለ፣ ከተማውን ገና አላወቀም ማለት ነው። ገልባጩ ሚልክያስ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየተዛወረ የሰው ረቂቅ በታይፕ ሲመታ የኖረ፣ በስቴንስል ጀምሮ በኮምፒዩተር የጨረሰ፣ ጡረታ ሲወጣም «አንዲት ፊደል ያልሳተ» ተብሎ የግድግዳ ሰዓት የተሸለመ ሰው።

ደግሞ ዝም ብሎ ገልባጭ እንዳይመስላችሁ፤ ኩሩ ገልባጭ ነበር። ረቂቁ ላይ ያለውን ይመታል፣ በቃ። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ተጣድፎ «ከሞቱት ስድስት ከብቶች መካከል ሁለቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ» ብሎ ጻፈ። ሚልክያስ እንዳለ መታው። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት፣ ወጪ ሆኖ ከሄደ በኋላ ነገሩ ታወቀና መሥሪያ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ኃላፊው ተቆጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ ስትመታው አይታይህም?» ቢለው፣ ሚልክያስ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ታይቶኛል ጌታዬ። ግን የኔ አይደለም» አለው። ይቺ «የኔ አይደለም» ከአፉ አትጠፋም ነበር።

ሰው እንግዲህ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ እንዲህ አይሆንም። ሚልክያስ ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የጋዘር ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአሪኛ ነው፣ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ለታይፒስትነት ሲወዳደር ፈተናው ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ የተሰጠውን ጽሑፍ መገልበጥ፣ ሌላው ከራስ አንድ ገጽ መጻፍ። የመጀመሪያውን ከሁሉ ቀድሞ ያለ አንዲት ስህተት ጨረሰ። ሁለተኛውን ፈታኙ አነሳና ለባልደረባው ጮክ ብሎ አነበበለት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው ሚልክያስ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሥራውን አገኘ፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሱ አንድ መስመር ላይጽፍ ማለ።

መሐላውንም ጠበቀ፤ ይሄን አንክድበትም። አይናለምን ሲወድ እንኳ የፍቅር ደብዳቤውን ከአንድ መጽሐፍ ላይ ገልብጦ ነው የላከላት። «በባሕሩ ዳርቻ ቆሜ ማዕበሉን እያየሁ አንቺን አስባለሁ» ይላል። ጂንካ ላይ! አይናለም አንድ ወር ሙሉ «ማዕበሉ እንዴት ዋለ? ጀልባህ ደህና ናት?» እያለች አላገጠችበት፣ ከዚያ አገባችው። «የማረከኝ እጅ ጽሑፉ ነው፤ ቃሉማ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው» ትላለች።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሰውዬው ቤት ውስጥ መቅበዝበዝ ጀመረ። የሽንኩርት ዋጋ እየመዘገበ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ሚስቱ ያዘችው። ብቸኛ ልጃቸው ዮርዳኖስ፣ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ የምትሠራው፣ አዘነችለትና አዲስ ስልክ ገዝታ «ዓምዴ» የሚባለውን መድረክ ጫነችለት። ዓምዴ ሰው ጽሑፉን የሚያወጣበት፣ ለሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ ጸሐፊው ነጥብና ሽልማት የሚያገኝበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። በስሙ ከፈተችለት፣ አጠቃቀሙን አሳየችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚወጣበት ግን አልነገረችውም፤ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ሚልክያስ ሥራ አገኘ! ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣቸውን አሮጌ መጽሔቶች አወጣ፣ ስለ ወባ መከላከል የተጻፈ ረጅም ነገር መረጠ፣ አራት ነጥብ ሳይስት ገልብጦ አወጣው። በሁለተኛው ቀን መልእክት ገባ፦ «ጽሑፍዎ ቀደም ሲል ከወጣ ጽሑፍ ጋር መቶ በመቶ እንደሚመሳሰል ተረጋግጧል። ዝርዝሩን ለማየት ይጫኑ።»

ዝርዝሩ ምን ያደርግለታል? መቶ በመቶ ተብሏል! ለገልባጭ ከዚህ በላይ ምን ማዕረግ አለ? ስልኩን ይዞ ሻይ ቤት ሄደና ለተረፈ አሳየው። ተረፈ መዝገብ ቤት ለዓመታት አብሮት የሠራ ጡረተኛ ጓደኛው ነው፤ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ግን በር የሌለው።

«አዲስ አበባ ድረስ አመሳክረውልህ?» አለ ተረፈ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ተረጋግጧል ይላል እኮ። አንብበው።»

«ሚልኬ! ጡረታ ወጥተህም እጅህ አልደከመም!» ብሎ ሻዩን እሱ ከፈለ። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰዓት ላይ እጁን አውጥቶ ተነሳና «ወንድማችን ሚልክያስ ጸሐፊ ሆኗል፣ መቶ በመቶ አምጥቷል» ብሎ አበሰረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሚልክያስ አንገቱን ደፋ አደረገ፤ ትሕትና መሆኑ ነው። በሳምንቱ ስለ ንብ እርባታ ገለበጠ፤ አሁንም መቶ በመቶ።

ይህን ሁለተኛውን ነው ዮርዳኖስ ያየችው። እሷ ዝርዝሩን ተጫነች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ምስጋና አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው! የሰው ጽሑፍ ገልብጠህ አወጣህ እያሉህ ነው። ይሄው፣ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛ ከመጣ ገጽህ ይዘጋል፣ ስምህም ከገልባጮች ዝርዝር ውስጥ ሁሉም ሰው በሚያይበት ይለጠፋል።»

«ስሜ? ከገልባጮች?»

«ሌባ ማለታቸው ነው አባዬ።»

ሚልክያስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራ የበላበት፣ ሰዓት የተሸለመበት ሙያ እዚያ ስልክ ውስጥ ስሙ ሌብነት ነው። ላጨበጨበው ጉባኤስ ምን ይባላል? መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወጥ የሆነ፣ ከራሱ የፈለቀ ጽሑፍ ማቅረብ። እሱም ከመውጣቱ በፊት ይመረመራል። ከራሱ! ከዚያ ፈተና ወዲህ ደጁን ረግጦት የማያውቀው ነገር።

ሞከረ። መጀመሪያ «ጉዳዩ፦ ወጥ ጽሑፍ ስለማቅረብ ይመለከታል» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ «ከላይ በርዕሱ እንደተመለከተው» አለና ቆመ። ርዕሱ ላይ የተመለከተ ነገር የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢያቸው ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ ወረቀት ሲቀድ አይናለም ታየዋለች፤ መጀመሪያ ሳቀችበት፣ ኋላ አሳዘናት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «በዚያ ሁሉ ዓመት መገልበጥ ያቃተህ ነገር አልነበረም?»

ሚልክያስ እስክሪብቶውን አነሳ፣ እስኪጨርስም ለምሳ ሲጠራ አልሰማም። በእጁ ጻፈው፣ ከዚያ ከራሱ እጅ ጽሑፍ ላይ ወደ ስልኩ ገለበጠው።

ጽሑፉ ስለ አንዲት ሴት ነው። በ1988 ክረምት አንዲት እናት ከገጠር በእግሯ ጂንካ ገብታ አንድ ታይፒስት ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። አዋሽ ጥጥ ለቀማ ወርዶ ለቀረ ልጇ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ነው የመጣችው። ወረቀት አልያዘችም። «እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ጻፍ» ትለዋለች በአሪኛ። ታይፒስቱ አሪኛ ያውቃል፣ ታይፕ ያውቃል፤ የሰማውን በራሱ አማርኛ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ያስፈራዋል። የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። እሱም ፊቱን አኮሳትሮ፣ በአማርኛ፣ «በጽሑፍ አድርገሽ አምጪ» ይላታል። አማርኛው ባይገባትም ፊቱ ገብቷት ትወጣለች። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከተማው መሃል ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ፣ ወደ ቢሮው ዞራ እስኪመሽ ትቀመጣለች። ታይፒስቱ የዚያን ቀን አሥራ አራት ገጽ መታ፣ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

አይናለም አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ይሄስ ያንተ ነው» አለች። «ባሕር የለበትም።»

ዮርዳኖስ ወደ ዓምዴ ላከችለት። ማስጠንቀቂያ ስላለበት ምርመራው ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ተነገራቸው። ሦስት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር የሚጠበቅበት፤ እሱ ግን የቢሮ ሰው ነው። ያለ ግልባጭ የሚወጣ ደብዳቤ ደግሞ የት አገር አለ? ስለዚህ ሚልክያስ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ከጽሑፉ ግርጌ «ግልባጭ፦ ለአቶ ተረፈ፤ ለመዘምራን ቡድን፤ ለጡረተኞች ማኅበር፤ ለአክስቴ ልጅ፣ ቱርሚ» ብሎ ጨመረና ለሁሉም በቴሌግራም አደለው። ተረፈ በጓደኛው ኮርቶ ለገባበት ግሩፕ ሁሉ አስተላለፈው። ተረፈ ደግሞ የማይገባበት ግሩፕ የለም፤ አንድም ከብት ሳይኖረው የአልዱባ ከብት ነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ አለ።

በአራተኛው ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ መልእክቱ መጣ፦ «ጽሑፍዎ ቀደም ሲል ከወጣ ጽሑፍ ጋር መቶ በመቶ እንደሚመሳሰል ተረጋግጧል።»

አሁን ሚልክያስ ዝርዝሩን ተጫነ። ዳጊ የሚባል፣ ሃያ ሺህ ተከታይ ያለው ሰው፣ ያንኑ ጽሑፍ ከሁለት ቀን በፊት አውጥቶታል። የግልባጩን ዝርዝር ከግርጌው ቆርጦ ጥሏል፤ በቦታው የራሱን ስም አስገብቷል። ሌላው እንዳለ ነው። ሴትዮዋ፣ ሣሩ፣ አሥራ አራቱ ገጽ፣ ሁሉም።

«የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ሚልክያስ። ጠረጴዛውን ሲመታው የተረፈ ሻይ ተደፋ። «የኔ ነው እኮ! የኔ!» ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ሰውዬው ይህን ቃል ሲናገር በሥራ ዘመኑም በጡረታውም የሰማው አልነበረም።

ዮርዳኖስ ያንኑ ዕለት አቤቱታ አስገባች፤ ቴሌግራም ላይ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ፎቶ አንስታ አያያዘች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። ማንጎው ሥር አይናለምም፣ ዮርዳኖስም፣ ጥፋተኛው ተረፈም ከበው ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አቶ ሚልክያስ፣ አስካል እባላለሁ። ዓምዴ ላይ አቤቱታ የማየው እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «የላካችሁትን አይቻለሁ። ዳጊ ግን 'ከዓመት በፊት ደብተሬ ላይ ጽፌ ለጓደኞቼ ያካፈልኩት ነው፣ ከዚያ ነው የተዛመተው' ይላል። እሱ ላይ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። እርስዎ ላይ ሁለት አለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ላየው ሰው ገልባጩ እርስዎ ነዎት።»

«ገልባጭስ ነኝ» አለ ሚልክያስ። ተረፈ በክርኑ ጎሸመው፤ እሱ ግን ቀጠለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ገልብጫለሁ፣ አልክድም። ይሄን ግን አልገለበጥኩም።»

«እንግዲያው አንድ ጥያቄ አለኝ። ለዳጊም አቅርቤለታለሁ። ሴትየዋ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጽሑፉ አለቀ። በማግስቱስ?»

ሚልክያስ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ዮርዳኖስ «አባዬ፣ ተናገር እንጂ» ብላ በሹክሹክታ ለመነችው። አይናለም እጁን ያዘችው።

«በማግስቱ መጣች» አለ በመጨረሻ። «በጽሑፍ አምጪ ብያት የለ? አመጣች። በር ላይ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰውዬ ከፍላ አስጽፋው። ሰውዬው 'ለክቡር ልጄ፣ ጉዳዩ፦ ደህንነትህን ስለመጠየቅ' ብሎ ነው የጀመረላት። እኔም እንዳለ መታሁት። ስህተት የለበትም።»

«ልጁስ? ደብዳቤው ደረሰው?»

«ደርሶታል። ወንድሜ በሦስተኛው ወር ተመለሰ።»

«ወንድምዎ?» አለች አስካል።

አይናለም እጁን ለቀቀችው።

«ሴትየዋ እናቴ ናት» አለ ሚልክያስ። «እልፍነሽ ትባላለች። ቢሮው ሁሉ እያየ፣ እናቴን እንደማላውቃት ሆኜ፣ በማታውቀው ቋንቋ መለስኳት። እሷ ግን ያን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት ይዛ ጋዘርን በሙሉ ዞረች። 'ልጄ ጻፈው፣ ልጄ ጻፈው' እያለች። እኔ አልጻፍኩትም! አንዲት ቃል የለኝበትም። ሰው 'ጎበዝ፣ ለእናትህ እንዴት ያለ ደብዳቤ ጻፍክላት' ሲለኝ ዝም አልኩ። ይኸው ነው በማግስቱ የሆነው።»



«ዳጊ 'ወደ ቤቷ ሄዳለች መሰለኝ' ነው ያለኝ» አለች አስካል ቀስ ብላ። «አቶ ሚልክያስ፣ ገጽዎ አይዘጋም። ማስጠንቀቂያው ለእሱ ይሄዳል፣ ጽሑፉ በእርስዎ ስም ይወጣል። ግን ይሄን የነገሩኝን ለምን አልጻፉትም?»

«አፈርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተናገርኩት እኮ» አለ ሚልክያስ፤ ስልኩ እንደተዘጋም እስክሪብቶውን ፈለገ።

አይናለም ራሷን ይዛ «እማማ እልፍነሽ! በየበዓሉ ቅቤ የሚልኩልኝ አማቴ!» አለች። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ወረቀት አመጣችለት። «ጻፍ። ስማቸውን ደግሞ ከላይ አድርገው። ቅዳሜ ጋዘር ሄደህ ታነብላቸዋለህ።»

ጽሑፉ የማግስቱም ታሪክ ተጨምሮበት ወጣ። እንዴት ብሎ እንደተነበበ ጂንካን መጠየቅ ነው! ባጃጅ ውስጥ ተነበበ፣ ሆስፒታል ተራ የሚጠብቅ ሰው አነበበው፤ ከቱርሚ የአክስቱ ልጅ ደውሎ በሚሠራበት ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ሁሉ እያስነበበ መሆኑን ነገረው። አንዲት አስተማሪ ከሥሩ «ይሄ የኛ ቤት አማርኛ ነው፤ እንዲህ ተጽፎ አይቼ አላውቅም» ብላ ጻፈችለት። ሚልክያስ ይህቺን አስተያየት ስንት ጊዜ እንዳነበባት አይናለም ናት የምታውቀው። ነጥቡ ሞልቶ የወሩ ተሸላሚ ሆነ፤ ተረፈ እሑድ እንዳይነሳ ቢለመንም ተነሳ። ያን ቀን ሚልክያስ አንገቱን አልደፋም። ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው ጭብጨባውን የተቀበለው፤ ደግ አደረገ!

ይሄ ሁሉ ግን የመጣው ከጋዘሩ ቅዳሜ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ሽልማትም ጭብጨባም አልነበረም፤ በሚኒባስ ሄዶ፣ ከቤታቸው ጓሮ እንሰቱ አጠገብ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋት እናቱ ፊት አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ። አማርኛውን በዓይኑ እያየ በአሪኛ ነገራት፤ ሣሩን፣ መስኮቱን፣ «በጽሑፍ አምጪ» ያላትን፣ በማግስቱ የመታውን፣ አንዱንም ሳይደብቅ። እልፍነሽ ከንፈሯን ጠበቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ እማ። ደብዳቤውን እኔ አልጻፍኩትም ነበር።»

«እሱን ነው የምትነግረኝ? ማን እንደጻፈው ጠፍቶኝ መሰለህ? የከፈልኩት እኔ!»

«ታዲያ ለምንድነው 'ልጄ ጻፈው' ስትዪ የኖርሽው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ልጄ እምቢ አለኝ ልበል?»

ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው በርጩማው ላይ ሆኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቱ አስጨረሰችውና ጉልበቱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ደግሞ እስኪመሽ አልተቀመጥኩም። ዝናብ መጣብኝና ተነሳሁ። ውሸት አትጻፍብኝ።»

በሕይወቱ ረቂቅ ቀይሮ የማያውቀው ሚልክያስ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ስልኩ ላይ «እስኪመሽ» የሚለውን አጥፍቶ «ዝናብ እስኪመጣ» ብሎ ጻፈ። አሳያት። ማንበብ ባትችልም አየችው።

«በል አሁን ድገመው» አለች ወገቧን አቅንታ። «ጮክ ብለህ፤ ጎረቤት ይስማ።»